መስማት ካቆሙ በኋላ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

የዚህ ዕትም ዓምድ የተመደበው አድገው፣ ሥራና ትዳር ይዘው ከኖሩ በኋላ መስማት ላቆሙ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። በልጅነቱ የምልክት ቋንቋ ተምሮ ያደገ ሰው የሚግባባበት ቋንቋና የሚቀርበው ማኅበረሰብ አለው። በጎልማሳነቱ መስማት ያቆመ ሰው ግን የሚያስበውም የሚናገረውም በአማርኛ ነው፤ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም በአማርኛ ያወራሉ፤ የተቋረጠው ንግግሩ ወደ እርሱ የሚደርስበት መንገድ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ለዚህ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግለት የሚገባው ንግግር በጽሑፍ እንዲደርሰው ማድረግ ነው፤ መሣሪያውም፣ ሕጉም፣ የቤተሰቡም ልማድ ወደዚያ ማዘንበል አለበት። ይህን የምለው ከኑሮ ተነሥቼ ነው፤ እኔም መስማት ያቆምሁት በጎልማሳነቴ ነው። የሕክምናው ውሳኔ ግን የሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የማጅራት ገትር ሕመም ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ስነቃ ሁለቱም ጆሮዎቼ መስማት አቁመው ነበር። የገዛሁት የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ድምፅ መኖሩን ብቻ ያሳውቀኛል እንጂ የሚነገረውን ቃል አያስለየኝም። ሐኪሙ ኮክሌር ኢምፕላንት ስለሚባል ቀዶ ሕክምና ነግሮኛል፤ ቤተሰቦቼ ግን «ትንሽ ቆይ፣ ጊዜ ይፈታዋል» ይሉኛል። ልጠብቅ ወይስ ልንቀሳቀስ? ቀንና ሌሊት ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ አይጠብቁ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በእርስዎ ሁኔታ ጊዜው ራሱ የሕክምናው አካል ስለሆነ ነው። አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘልቀው የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ስለምትገኝ የእርስዎን ዓይነት ታሪክ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በማመንታት ዕድሉ ያመለጣቸው ይገኛሉ። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ ኮክሌያ የሚባል ክፍል አለ፤ ማጅራት ገትር ያንን ክፍል ሲያቃጥለው ከሕመሙ በኋላ ፈሳሽ የነበረበት ጠባብ መተላለፊያ ቀስ በቀስ በአጥንት ሊደፈን ይችላል፤ ይህም በአንዳንድ ሕሙማን ላይ በሳምንታት ውስጥ ይጀምራል። ኢምፕላንቱ የሚሠራው ቀጭን የኤሌክትሮድ ሽቦ በዚያ መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ የመስማት ነርቭን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ሲነካ ስለሆነ፣ መንገዱ ከተደፈነ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፤ ውጤቱም ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ የኮክሌያውን ሁኔታ የሚያሳይ የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ምርመራ ነው። ሐኪምዎን «ኮክሌያው አሁን ክፍት ነው ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

የገዙት መሣሪያ ያልጠቀመዎት ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ድምፅን ያጎላል፤ የጎላውን ድምፅ የሚቀበሉት የኮክሌያ ሕዋሳት ከሞቱ ግን ጩኸቱ ቢጨምርም ቃሉ አይለይም። ኢምፕላንቱ የሞቱትን ሕዋሳት አልፎ ይሄዳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከጆሮ ጀርባ የሚደረገው ውጫዊው መሣሪያ ሲበራ የሚሰሙት የሚያውቁትን የሰው ድምፅ እንደማይመስል አስቀድመው ይወቁ፤ ብዙዎች የማሽን ድምፅ ይመስላል ይላሉ፤ አእምሮ ያንን ድምፅ ወደ ንግግር መተርጎም የሚማረው በወራት ልምምድና መሣሪያውን በተደጋጋሚ በማስተካከል ነው። ቋንቋውን አስቀድሞ የሚያውቅ ጎልማሳ፣ በተለይም ሳይዘገይ ከተተከለለት፣ ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤት ያገኛል፤ ይህ ለእርስዎ እውነተኛ ተስፋ ነው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን ከቀዶ ሕክምናው ቀን አልፈው ይጠይቁ። መሣሪያውን የሚያስተካክለው ባለሙያ የት ይገኛል? ገመዱ ቢበጠስ ወይም ባትሪው ቢደክም መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ በስንት? ብዙ ቤተሰብ ለቀዶ ሕክምናው ያለውን ሁሉ ካሟጠጠ በኋላ በአንድ ገመድ ምክንያት መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ይህ ያሳዝነኛል። የመትከሉ ውሳኔ ከተደረሰ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ክትባት መውሰድ እንደሚመከር፣ ከተተከለም በኋላ ውስጡ ማግኔት ስላለው ለማንኛውም የኤምአርአይ ምርመራ አስቀድሞ መናገር ግዴታ እንደሆነ አይዘንጉ። ቤተሰብዎ ጸበል እንዲጠመቁ ከፈለገ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፤ ውጫዊውን መሣሪያ ግን ከመግባትዎ በፊት ያውልቁ።

የጆሮው ጩኸት ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አይደለም፤ ድምፅ የተቋረጠበት የነርቭና የአእምሮ ሥርዓት ራሱ የሚፈጥረው ነው። እብደት አይደለም፤ መንፈስም አይደለም። በብዙ ሰዎች ላይ እየተለመደ ይሄዳል፤ እንቅልፍ እስኪነሣ ከደረሰ ግን ለሐኪም ይንገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን የሚያነብና አሁን በደንብ የሚሰማ ሰው፣ አንድ ጆሮው በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢዘጋበት «ብርድ ነው» ብሎ መተኛት የለበትም። በነርቭ በኩል በድንገት የሚመጣ የመስማት መጥፋት አጣዳፊ ሕመም ነው፤ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመስማት አቅሜ እየደከመ ሄዶ አሁን በስልክ መነጋገር አልችልም። በመተግበሪያ የምጠራው ታክሲ ሹፌር ይደውላል፤ ባንክ ይደውላል፤ ዕቃ አድራሽ ይደውላል። ካላነሣሁ ይሰርዙታል፤ ባነሣም አልሰማም። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ በአማርኛ እንደሚሠራ አንብቤአለሁ። እውነት ነው? ልተማመንበትስ እችላለሁ?

መልስ፦ እውነት ነው። ጎግል በድምፅ የመጻፍ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2017 ለአማርኛ ከፈተ፤ በ2019 ደግሞ ላይቭ ትራንስክራይብ የተባለውን፣ የሚነገረውን እየተከታተለ በስልኩ ገጽ ላይ የሚጽፈውን ነፃ የአንድሮይድ መተግበሪያ አወጣ። ይህን መተግበሪያ ከፈጠሩት ተመራማሪዎች አንዱ ዲሚትሪ ካኔቭስኪ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሰው ነው፤ በዋሽንግተን የሚገኘው፣ መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመው ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲም በሥራው ተባብሯል። መተግበሪያውን ከከፈቱ በኋላ በቅንብሩ ውስጥ አማርኛን የመጀመሪያ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርገው ይምረጡ፤ የፊደሉንም መጠን ያሳድጉ፤ ለአማርኛ የሚሠራው በኢንተርኔት ስለሆነ የዳታ ጥቅል ይኑርዎ።

ብዙ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ሞክረው «አይረባም» ብለው የሚተዉት ከስልኩ አያያዝ የተነሣ ነው። የአብዛኞቹ ስልኮች ማይክሮፎን ከታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። አንባቢው ስልኩን ወደ ራሱ አቅጣጫ ሲይዘው ማይክሮፎኑ ወደ ደረቱ ይዞራል፤ ተናጋሪው ከጠረጴዛው ማዶ ነው፤ መሐል ላይ የሲኒው ኳኳታ አለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉት፤ የታችኛውን ጠርዝ ወደ ተናጋሪው ያዙሩት፤ ገጹን ዘወር አድርገው ያንብቡ። ከዚህም የሚሻለው ኮሌታ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ገዝቶ ለተናጋሪው መስጠት ነው፤ በስብሰባ ላይ ማይክሮፎኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ሰዎች ተራ በተራ መናገርን ይለምዳሉ፤ ይህም ለሁሉም ይጠቅማል። መተግበሪያው የተናገረው ማን እንደሆነ አይነግርዎትም፤ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ሲናገሩም ጽሑፉ ይቀላቀላል።

መተማመኑን በሚመለከት በሙያዎ ምክንያት በግልጽ ልንገርዎት፤ በቁጥር ፈጽሞ አይተማመኑበት። የሰው ስም፣ የሰፈር ስም፣ የገንዘብ መጠንና በየቢሮው የምንናገረው ከእንግሊዝኛ ጋር የተቀላቀለ አማርኛ መተግበሪያውን በብዛት የሚያሳስቱት ናቸው። «አሥራ ሰባት ሺህ» የተባለው «ሰባ ሺህ» ሆኖ ቢጻፍ ስሕተቱን ከጽሑፉ ሊያውቁት አይችሉም፤ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል መስሎ ይነበባልና። ስለዚህ ገንዘብ፣ ቀንና የሒሳብ ቁጥር ሲነሣ ተናጋሪው በወረቀት ወይም በመልእክት እንዲጽፍልዎ የማያወላውል ልማድ ያድርጉ። ድምፁ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ሄዶ እንደሚተረጎም አስታውሰው የድርጅቱን ምስጢር በሚመለከት ንግግር ላይ ከመጠቀምዎ በፊት ለአለቃዎ ያሳውቁ።

ወደ ስልክ ጥሪው ልመለስ። በብዙ ስልኮች ላይ ጥሪ እየተካሄደ ሳለ ሌላ መተግበሪያ የደዋዩን ድምፅ እንዲሰማ አይፈቀድለትም። ሁለተኛ ስልክ ካለዎት ግን ጥሪውን በአንዱ ስልክ ስፒከር ላይ አድርገው መተግበሪያውን በሌላው ስልክ ከፍተው ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ለአጭር ጉዳይ ያገለግላል። ለሹፌሩ ግን ጥሪውን አይጠብቁ። በስልክዎ ላይ እንዲህ የሚል መልእክት አስቀድመው አዘጋጅተው ያስቀምጡ፦ «መስማት ስለማልችል እባክዎ አይደውሉልኝ፤ በጽሑፍ ይላኩልኝ። የቆምኩት ከፋርማሲው በር ላይ ነው፤ ቀይ ሻርፕ አድርጌአለሁ።» ቦታውንና ልብስዎን ብቻ እየቀየሩ ሹፌሩ እንደተመደበ ይላኩት። ስልኮች የሚመጣን ጥሪ በአጭር መልእክት የሚመልሱበት አማራጭም አላቸው፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ ያስገቡት፤ ዕቃ አድራሹም ወዲያውኑ ይረዳዎታል።

ባንክዎ ጋ በአካል ሄደው መስማት እንደማይችሉና የሚያገኙዎት በጽሑፍ መልእክት ብቻ እንደሆነ በፋይልዎ ላይ እንዲመዘገብ በደብዳቤ ያመልክቱ፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ ይያዙ። ደንበኛን በስልክ ካልሆነ በቀር የማያገኝ ባንክ አገልግሎቱን ለእርስዎ እንደዘጋ ይቆጠራል፤ ይህንንም ሳይሸማቀቁ ሊነግሩት ይገባል። ባንክ ደውሎ ሲያስቸግር ስልኩን ለሌላ ሰው መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል፤ የሚላክልዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ግን ለማንም፣ ለዘመድም ቢሆን፣ አሳልፈው አይስጡ።

ጥያቄ፦ አባቴ የሚኖሩት ጎንደር ነው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከውጭ የላክንላቸው የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ያፏጫል፤ ባትሪውም አይበረክትም እያሉ አውልቀው አስቀምጠውታል። ከሁሉ የከፋው ዕድርም መሄድ፣ ቡና ላይም መቀመጥ ትተዋል። ስናወራቸው ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ እንጂ እንዳልገባቸው እናውቃለን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከመሣሪያው ልጀምር፤ እሱ ይቀላልና። ፉጨት የሚመጣው ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ ከጆሮው አምልጦ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ሲገባ ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የጆሮው ቅርጽ የተቀዳበት ማሰኪያ ስለማይገጥም፣ በትክክል ስላልገባ ወይም ጆሮው በኩክ ስለተደፈነ ነው። በፖስታ የተላከ መሣሪያ በአባትዎ የመስማት ምርመራ ውጤት ላይ ካልተስተካከለና ማሰኪያው በራሳቸው ጆሮ ልክ ካልተሠራ የሌላ ሰው መነጽር እንደማድረግ ነው። ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ ኩኩ ይጠረግ፤ የመስማት ምርመራ ይደረግላቸው፤ መሣሪያውም በዚያ ልክ ይስተካከል። ባትሪውን በሚመለከት፣ ትናንሾቹ ክብ ባትሪዎች አየር ሲያገኙ የሚሠሩ የዚንክ ባትሪዎች ናቸው፤ ከጀርባቸው ያለው ባለቀለም ልጥፍ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ፣ መሣሪያው ቢጠፋም እንኳ፣ ኃይላቸው ያልቃል። ልጥፉን የሚያነሡት ሊጠቀሙበት ሲሉ ብቻ ይሁን፤ ካነሡም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይክተቱት። የልጥፉ ቀለም ቁጥሩን ይናገራል፦ ቢጫው 10፣ ቡናማው 312፣ ብርቱካናማው 13፣ ሰማያዊው 675 ነው። አባትዎ ቁጥሩን ማንበብ ቢቸገሩም ቀለሙን ለባለሱቁ ሊያሳዩ ይችላሉ። ማታ ማታ የባትሪውን በር ከፍተው ደረቅ ቦታ ላይ ያሳድሩት፤ ላብና እርጥበት መሣሪያውን ቶሎ ይጎዳዋል።

የሚከብደው ፈገግታው ነው። አልሰማሁም ብሎ ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ለሽማግሌ ሰው ያሳፍራል፤ ስለዚህ ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግ ስላሉም ቤተሰቡ የገባቸው ይመስለዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ለሁለቱም ስለሚቀል መለያየት ይጀምራል። «ምን አሉ?» ብለው ሲጠይቁ «ተውት፣ ምንም አይደለም» የምትለዋ መልስ በቤታችሁ ዛሬ ትቁም። ምንም አይደለም የተባለው ጉዳይ ለተቀረው ሰው ሁሉ ሳቅ፣ ወሬና መዋያ ነው፤ ለእርሳቸው ብቻ ምንም የሚሆንበት ምክንያት የለም። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅም አሁኑኑ፣ እዚያው፣ ይነገራቸው።

ብዙ ሰው ከንፈር አይቶ መስማት የሚቻል ይመስለዋል። አማርኛን ከከንፈር ላይ ማንበብ ግን በጣም አድካሚ ነው። ብ፣ ፕ እና ም ሲነገሩ ከንፈር የሚሠራው አንድ ዓይነት ነው፤ ት፣ ድ እና ጥ በዓይን አይለዩም፤ ክ፣ ግ እና ቅ ከአፍ ጀርባ ስለሚወጡ ጨርሶ አይታዩም፤ የሚጠብቀውና የሚላላውም ቃል ከንፈር ላይ እኩል ነው። ስለዚህ አባትዎ የሚያነቡት ከፊሉን ነው፤ የተቀረውን ከወሬው ርእስ ይገምታሉ። ርእሱ ሲቀየር ንገሯቸው፤ «አሁን የምናወራው ስለ ጎረቤታችን ሠርግ ነው» ማለት ብቻ ግማሽ መንገድ ያደርሳቸዋል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ሳይሆን ጀርባቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ያስቀምጧቸው፤ ያኔ ብርሃኑ የሚያርፈው በተናጋሪው ፊት ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። አትጩኹባቸው፤ ጩኸት የከንፈሩን ቅርጽ ያበላሻል፤ ፊትንም የተቆጣ ያስመስላል። ቡና የምታፈላዋም ጀበናውን እያየች ሳይሆን ወደ እርሳቸው ዞራ ትናገር።

ለዕድሩ ጸሐፊውን ያነጋግሩ። የዕድር ጉዳይ ቃለ ጉባኤ አለው፤ የስብሰባው አጀንዳ አስቀድሞ ተጽፎ ቢሰጣቸውና የተወሰነው እዚያው ቢጻፍላቸው ወጪ የለበትም። አባትዎ የዕድሜ ባለጠጋ ናቸው፤ የሚናገሩት አላቸው፤ የጠፋው የሚሰሙበት መንገድ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። የምልክት ቋንቋ መማር አለብኝ? ከጓደኞቼ አንድም የሚያውቀው የለም።

መልስ፦ ይማሩ፤ ግን ብቻዎን አይማሩ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። የጣት ፊደሉ በራሳችን ፊደል ላይ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። እርስዎ ፊደሉን ስለሚያውቁ የጣት ፊደሉን ከማንኛውም ሌላ ነገር ቀድመው ይለምዱታል፤ እጮኛዎ ወይም አንድ የቅርብ ጓደኛዎ አብሮ ከተማረ በጨለማ ያልሆነ ቦታ ሁሉ ያለ ስልክና ያለ ባትሪ ስም መጻጻፍ ትችላላችሁ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ስለ ሥልጠና ይጠይቁ። መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ጋር መቀመጡ ከቋንቋው በላይ የሚሰጥዎት ነገር አለ፤ ሳይሰሙ ሙሉ ሕይወት የሚኖሩ ሰዎችን በዓይንዎ ያያሉ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የተሰጠኝ መርፌ ከበሽታው አድኖኛል፤ መስማቴን ግን ወሰደብኝ። ወደ ሥራ ስመለስ አሠሪዬ «ደንበኛ ማስተናገድ አትችልም» ብሎ ከዕውቀቴ በታች ወደሆነ ቦታ አዛወረኝ፤ አበልም ቀረብኝ። መብት አለኝ?

መልስ፦ አለዎት። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳት ምክንያት እኩል የሥራ ዕድልን የሚያሳጣ አሠራርን ይከለክላል። አሠሪው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥር፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሰው ሲከስም የማስረዳት ሸክሙን ወደ አሠሪው ያዞራል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች። አሠሪዎን መጀመሪያ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ የሚጠይቁትም ነገር የተወሰነ ይሁን፦ ደንበኛው ጥያቄውን የሚጽፍበት ታብሌት፣ ስልክ የሚያነሣ ባልደረባ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ። አሠሪ «አይቻልም» ለማለት የሚቸገረው ጥያቄው ትንሽና ግልጽ ሲሆን ነው። ካልተሳካ ወደ ሥራ ክርክር የሚሄዱት ያንኑ ደብዳቤ ይዘው ነው።

ስለ መርፌው አንድ ቃል ልበል። ካናማይሲንና የመሳሰሉት የነቀርሳ መርፌዎች የውስጠኛውን ጆሮ ሕዋሳት እንደሚጎዱ ይታወቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ስለዚሁ ሕክምናው በሚዋጥ መድኃኒት እንዲሆን ወደ መምከር ዞሯል። ዛሬ ሕክምና ላይ ያለ ሰው መርፌ ከታዘዘለት የሚዋጥ አማራጭ መኖሩን ይጠይቅ፤ ጆሮው መጮህ ከጀመረም ሳይውል ሳያድር ይናገር።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ምንም አይሰሙም፤ እንግሊዝኛም አያነቡም። ሆስፒታል ስንሄድ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ያቀርቡላቸዋል። እናቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዝም ይላሉ። በመጨረሻ የምተረጉመው እኔ ነኝ፤ አንዳንዱን ግን ልነግራቸው አልደፍርም።

መልስ፦ ሆስፒታሉ ሁለት ግዴታዎቹን አንድ አድርጎ ስላየ ነው። የቋንቋ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ደግሞ መስማት ከተሳነው ሕመምተኛ ጋር በትክክል የሚያግባባ ዘዴ እንዲያቀርብ ያዝዘዋል። የስልክ አስተርጓሚ የመጀመሪያውን ብቻ ያሟላል። በዚሁ ሕግ መሠረት ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ወይም ሕመምተኛው ራሱ ፈልጎ ካልጠየቀ ሆስፒታሉ አብሮ የመጣን ዘመድ አስተርጓሚ አድርጎ ሊተማመን አይገባውም፤ ልብዎ ላይ ያለው ሸክም የእርስዎ ብቻ እንዲሆን ሕጉም አይፈልግም። ቀጠሮ ሲይዙ «እናቴ መስማት አይችሉም፤ የሚያነቡት አማርኛ ብቻ ነው» የሚለው ሁለቱም ቃል በፋይላቸው ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ከዚያም አስተርጓሚው በአካል መጥቶ የሐኪሙን ቃል በአማርኛ እንዲጽፍላቸው፣ ወይም አስተርጓሚው በአማርኛ የሚናገረው በታብሌት ላይ በጽሑፍ እንዲታይ ይጠይቁ፤ የመድኃኒቱ አወሳሰድ ግን በእጅም ቢሆን በአማርኛ ተጽፎ ይሰጣቸው። ክፉ ዜናም ቢሆን ከራሳቸው ሐኪም በራሳቸው ፊደል ማንበብ መብታቸው ነው።

ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት የመስሚያ መርጃ መሣሪያዎች ቀላልና መካከለኛ የመስማት ችግር ላለባቸው አዋቂዎች ብቻ የተፈቀዱ ናቸው፤ ለእናትዎ ገንዘብ አያባክኑባቸው። መደበኛው ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ወጪን አይሸፍንም፤ መስፈርቱን ላሟላ ሰው ግን የኮክሌር ኢምፕላንትን ይሸፍናል። ስለዚህ እናትዎ ሜዲኬር ካላቸው ለኢምፕላንት ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሌሊት እሳት ቢነሣ ወይም ብታመም ምን አደርጋለሁ? አምቡላንስ በስልክ ነው የሚጠራው።

መልስ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ሁሉም በድምፅ የሚጠሩ መስመሮች ናቸው፤ በጽሑፍ የሚጠሩበት መንገድ እንዲከፈት ሁላችንም ልንጠይቅ ይገባል። እስከዚያው ከአንድ በላይ የሆኑ የቅርብ ጎረቤቶችን ይምረጡ፤ በቴሌግራም አንድ ቡድን ይክፈቱላቸው፤ በዚያ ቡድን «አምቡላንስ» የሚል አንድ ቃል ሲልኩ ቀድሞ ያየው ሰው እንዲደውልልዎ ይስማሙ፤ አድራሻዎም በቡድኑ አናት ላይ ተለጥፎ ይቀመጥ። መልስ ካላገኙ 907 ደውለው ባይሰሙም ይናገሩ፤ መስማት እንደማይችሉ፣ የት እንዳሉና ምን እንደሆኑ ደጋግመው ይበሉ፤ አንደበትዎ አልተዘጋምና። በስልክዎ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ የበር መንኳኳትና የሕፃን ልቅሶ ድምፅን ለይቶ በንዝረትና በብርሃን የሚያሳውቅ አገልግሎት ይፈልጉ፤ በአንድሮይድም በአይፎንም ይገኛል፤ ሆኖም ሊስት ስለሚችል ሕይወትን በእርሱ ብቻ ላይ አይጣሉ። ሲተኙ የሚንቀጠቀጥ የእጅ ሰዓት ያድርጉ፤ ከጎረቤቶችዎ አንዱ ዘንድም የቤትዎን ቁልፍ ያስቀምጡ፤ በሩን ቢያንኳኳ እንደማይሰሙ ያውቃልና ከፍቶ እንዲገባ ተስማሙ።